የሐጂ ሽንት

መተማ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

የጣሊያኑ ሐኪም ደም የሚሸናውን ሁሉ አድናለሁ ብሎ ከየቤቱ ሽንት በጠርሙስ እንዲመጣለት አዝዟል። በሽታው ከውሃ የሚገባ ትል ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን አስተርጓሚው ሕመምተኛውን ሁሉ «የትኛው ውሃ ገብተህ ነበር?» ይላል። ለሐኪም ነው ለሹም የሚጠይቀው?

ወንድሜ ታከለ ደም መሽናት የጀመረው ከአርበኞች ጋር ሱዳን ተሻግሮ፣ በጥጥ እርሻ ቦይ ሲታጠብ ከርሞ ከተመለሰ ወዲህ ነው። እውነቱን ቢናገር ይሰቅሉታል።

ስለዚህ ትናንት ከጎረቤታችን ከነጋዴው ከሐጂ ኢድሪስ ሽንት ለመንኩና በታከለ ስም ሰጠሁ። ሐጂ ጤነኛ ናቸው ብዬ ነው፤ ታመው አያውቁም።

«ያረድኩትን ሥጋ አትበሉልኝም፣ ሽንቴን ግን ደጄ ድረስ መጥታችሁ ትለምናላችሁ!» ብለው ሳቁብኝ።

ዛሬ ጠዋት አስተርጓሚው መጣ። በታከለ ጠርሙስ የትሉ እንቁላል ተገኝቷል፤ ነገ ለመርፌ ይቅረብ አለ።

ሄጄ ለሐጂ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ።

«ደም እኮ አይቼ አላውቅም» አሉ ቆይተው።

«ሐኪሙ ደሙ ሳይታይም ይኖራል ይላል፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ መርፌው የእኔ ነው። ነገ እኔም እሄዳለሁ።»

ሄደው ምን ብለው ሊያስረዱ ነው? ጠርሙሱ የእሳቸው መሆኑ ከታወቀ ታከለን ለምን እንደደበቅሁት ይመረምራሉ። ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። የታመሙትን ሰው እንዴት አትሂዱ እላለሁ? እስከ ትናንት የምጠረጥረው ሐኪሙንና አስተርጓሚውን ነበር። ዛሬ ግን የሐጂ በር በተንኳኳ ቁጥር ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ዋልሁ።