ስልኩን የመለሱት ገበሬ

ረቡዕ፣ የካቲት 15 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

የተማሪዬን የሰብለን የመመረቂያ ጥናት እንዴት እንደምገመግመው ቸግሮኛል። የሠራችው ፕሮግራም አፈር ውስጥ ከተቀበረ የእርጥበት መለኪያ ተነሥቶ፣ ድንች በመስኖ ለሚያለሙ ገበሬዎች «ዛሬ አታጠጡ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው» የሚል መልእክት በስልክ ይልካል። ዓላማው ውኃና የፓምፕ ነዳጅ እንዳይባክን ነው።

ዛሬ ግምጃ ቤት ከተባለችው ከተማ ሄጄ፣ ፕሮግራሙን ከሚሞክሩት ገበሬዎች አንዱን፣ አያ ደሴን፣ ማሳቸው ላይ ጠየቅኋቸው። ለሙከራው የሰጠናቸውን ስልክ ከዘጉት ወር አልፎታል። የግምገማው ቅጽ «ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ተጠቀሙበት?» ይላል። ዜሮ ብዬ ሞላሁ፤ ልጅቷ አሳዘነችኝ።

«ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ከድንቹ ሥር አፈር ዘገኑና ጨበጡት። እጃቸውን ሲከፍቱ አፈሩ አልተበተነም። «መልእክቱ በመጣ ቁጥር ቆፈር እያረግሁ አየሁት። እንዲህ ሲሆን ነው አታጠጡ የሚለኝ። አሁን ለጎረቤትም አሳይቻለሁ። ፓምፑም እንደ ድሮው በየቀኑ አይነሣም።»

ይህን የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ ፈለግሁ፤ የለም። ቅጹን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ነገ ውጤት አስገባለሁ። ዜሮውን ሰርዤ ምን ልተካበት?

ከማሳው ልሄድ ስነሣ አያ ደሴ ስልኩን በፌስታል ጠቅልለው ሰጥተውኝ ነበር። «ገና ላልለመደ ሰው ስጡልኝ። ልጅቷንም አስተምረሽኛል በሉልኝ።»