ጆሮው ላይ ወረቀት ለጥፎ «አይሰማም» ላለው ኮሚቴ

ለተከበሩ የወጣቶች ፈጠራ ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን እያልኩ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ከሟች ባለቤቴ መጻሕፍት ፊደል የለቀምኩ ሴት ነኝና ለጽሑፌ ሻካራነት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉዳዬ የጎረቤቴ ልጅ ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል፤ ደንበኛ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ይመለሳል። ልጅቷ ከተጣሉ ሬዲዮዎች በለቀመችው ዕቃ፣ በር ሲንኳኳ ከስፌት መኪናው በላይ ቀይ መብራት የሚያበራ ሳጥን ሠራች። ለፈጠራ አውደ ርእያችሁ ብታቀርበው፣ እናንተ አስወጥታችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የማይሠራ፣ የተኮረጀ» ብላችሁ ጻፋችሁ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ። የምዝገባ ቁጥሩን ወረቀት ልክ ሳጥኑ ድምፅ በሚቀበልባት ቀዳዳ ላይ በሙጫ ለጥፋችሁ ማኅተም መታችሁበት፤ ከዚያ ሦስት ምሁራን ተራ በተራ አንኳኩተው «አይሰማም» ብለው ፈረሙ። ልጅቷ ወረቀቱ ይነሣልኝ ብትል ማኅተም ያረፈበት አይነካም ተባለች። ጆሮ ደፍኖ አይሰማም ብሎ መፈረም ለተራ ሰው የሚቻል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዕቃዎቹን ራሷ አልሠራችም፣ አሠራሩንም ከመጽሐፍ ነው ያገኘችው ብላችኋል። እውነት ነው፤ አዲስ ነገር ፈለሰፈች ብዬ አልዋሽም። እርስዎ የለበሱትን ኮት የሰፋችው እናቷም ጨርቁን አልሸመነችውም፤ ሆኖም ሲለኩት «እጅሽ ይባረክ» ማለትዎን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለኮት የተገኘ ምርቃት ለሳጥን ለምን እንደጠፋ ላልተማረ አእምሮዬ አልገባውም።

ሦስተኛው በሰሌዳ ላይ የጻፋችሁት ነው፤ በዚህ ማሾፍ አልችልም። ልጄ በእሷ ዕድሜ ሳለ የቤታችንን ሬዲዮ ፈታትቶ አገኘሁትና እንግዶች ፊት «አፍራሽ» አልኩት። ራሱ ገጣጥሞት ሬዲዮው በማግስቱ ሠራ፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ መፍቻ አልነካም። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር፣ ይቅርታ ልለው አፌን እከፍትና ስለ ዝናብ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ይህቺም ልጅ መበየጃዋን በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር ከታለች። በአደባባይ የተዋረደ የሚካሰው በአደባባይ ነው፤ እባክዎ ያንን ጽሑፍ አስወርደው በዚያው ሰሌዳ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ሥራዋ መልካም እንደሆነ ያስጽፉ።

ለትዕግሥትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
ንባብ እንጂ ማኅተም የሌላት፣ የልብስ ሰፊዋ ጎረቤት።

ማሳሰቢያ፦ ልጅቷ አሁን ቢያመሰግኗትም አልቀበልም ብላለች። እኔ ግን ተቀበይ እያልኩ እየለመንኳት ነው፤ ከምትፈርሟቸው ወረቀቶች አንዱ እንኳ ለሚገባው ሰው ይድረስ ብዬ።