ሠርግሽ ወገዳ ደረሰ

ወገዳ፣ ጥቅምት 2005 ዓ.ም.

ውድ ዊዳድ፣

አንቺም ባለቤትሽ ጁሃርም ደኅና ናችሁ ወይ? እኛ ደኅና ነን። የአባትሽ እግር ድኗል፤ አሁን ያለ ምርኩዝ ከሱቃቸው ተነሥተው አንቺም ስትሠሪበት ወደኖርሽው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቴ ይመጣሉ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ኔትወርኩ ሃሎ ሃሎ ከማስባል አላለፈም። ደግሞም የማደርስልሽ አደራ አለብኝ።

እናትሽ እትዬ ሀዋ ሰሞኑን ሠርግሽ ከተደረገበት ከደሴ ሲመለሱ ሠርግሽ ያለበትን ሃርድ ዲስክ በሻሽ ጠቅልለው አመጡልኝ። ቪዲዮ አንሺው ከራሱ ማሽን አጥፍቶታልና ሌላ ቅጂ እንደሌለ ነገሩኝ። አባትሽ ከበቅሎ ወድቀው ከሠርግሽ መቅረታቸው እንዴት እንዳንገበገባቸው ታውቂያለሽ። ለሰው ግን ሠርግ ያው ሠርግ ነው፣ መብላትና መጨፈር ነው ይሉ ነበር። እንዲያ እያሉ ዲስኩ በመጣ ማግሥት ሱቃቸውን ዘግተው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ አሉ።

ዲስኩን ስሰካው ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። አስነሥቼ ደግሜ ሰካሁት፤ ደግሞ ጠፋ።

«ይኼ ማሽን የደሴ ሙሽራ አይወድም መሰለኝ» አሉ አባትሽ። ሊያስቁኝ ብለው ነው፤ እኔን ግን አንጀቴን በሉት።

መጀመሪያ ቫይረስ ጠረጠርሁ፤ ፈትሼ ምንም አጣሁ። የደንበኞች ፍላሽ ሲሰካ ምንም አይለውም። ቀጥሎ ነርሷ የሻረግ የራሷን፣ ፊልም የምታይበትን ሃርድ ዲስክ አዋሰችኝ፤ እሱንም ስሰካው ኮምፒውተሩ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ደስ አለኝ ብልሽ ታምኛለሽ? ጥፋቱ ከማሽኔ እንጂ ከሠርግሽ አልነበረማ። መብራት እየተቋረጠበት እንዳይበላሽ የአንቺን ዲስክ ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበትና በየሻረግ ዲስክ መሞከር ያዝሁ። ሌላ ኮምፒውተር ያለው በመሥሪያ ቤቶች ነው፤ ልለምን ስል አባትሽ እንቢ አሉ። ልጄን ቢሮ ለቢሮ አላዞርም፣ ስትሠራበት በኖረችው ቤት አያታለሁ አሉኝ።

ከፊት መሰካቱን ትቼ ከኋላ ሰካሁት፤ ትንሽ ቆየና ጠፋ። ስካነሩን ነቅዬ ስሞክር ከበፊቱ ይበልጥ ቆይቶ ጠፋ። ያኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። ፍላሽ የሚበቃው ጥቂት ኃይል ነው፤ ሃርድ ዲስክ ግን ውስጡ የሚሽከረከር ስላለው ብዙ ይስባል። እየሄደ በሚመጣው የከተማችን መብራት ሲንገላታ የኖረው፣ ለማሽኑ ኃይል የሚያድለው ፓወር ሳፕላይ ያንን መሸከም አቅቶታል። ጓዳ የተጣለው አሮጌ ኮምፒውተር ትዝ አለኝ። የእሱን ፈትቼ፣ አቧራውን አራግፌ ለዚህኛው ገጠምሁለት። አባትሽ ብሎኖቹን በቆባቸው ይዘው አጠገቤ ቆመዋል፤ አንዷ ስትወድቅ በዚያ በተጠገነ እግር ከጠረጴዛው ሥር ገቡ።

በየሻረግ ዲስክ ሞከርሁት፤ አልጠፋም። የአንቺን ሰካሁና ገና ሳልከፍተው ግልባጭ ወሰድሁ። ከዚያ ሠርግሽ ተጀመረ።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል እንኳ ጉዳያቸውን ረስተው ተቀመጡ። እናትሽ ቪዲዮውን እየቀደሙ ያወራሉ። አንቺ ለምርቃት ጎንበስ ስትዪና አጎትሽ በአባት ቦታ ሲቆሙ ግን አባትሽ እጃቸውን አነሡ።

«አቁሚው» አሉኝ።

አቆምሁት። አንቺ እንደ ጎነበስሽ ቀረሽ። አባትሽ ተነሡና ከስክሪኑ ፊት ቆሙ። «ይህ የኔ ቦታ ነበር» ብለው እጆቻቸውን ዘረጉ። መረቁሽ። እኛ አሚን ስንል መሪጌታም ከሁላችን ጎላ ባለ ድምፅ አሜን አሉ። እናትሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ። አባትሽ ግን ዓመት ሙሉ የተሸከሙትን ያወረዱ ይመስል ፊታቸው ፈክቶ ተቀመጡ።

«ጻፊላት፤ አንድም ቃል እንዳታስቀሪ። በይ አሁን ጭፈራውን አስኪጂው» አሉኝ። እስከ መጨረሻው አየነው። አጎትሽ ሲጨፍሩ አባትሽ ከትከት ብለው ሣቁ፤ እኔ ብኖር እንዲህ አላሳፍራችሁም ነበር አሉ።

እኔም አንድ ቃል ሳላስቀር ይኸው፦

«ልጄ ዊዳድ፣ አላህ ከጁሃር ጋር ያዝልቅሽ። ቤትሽ አይጉደል፤ ደጅሽ እንግዳ አይጣ። የወለድሽው ይደግ፤ የዘራችሁት ይብቀል። በሄድሽበት አገር ሰው ይውደድሽ። እኔም ልጅሽን ለማቀፍ በእግሬ ልምጣ።»

ይህን ስታነቢ ጎንበስ በዪ፣ አሚንም በዪ።

ናፋቂሽ ማስተዋል