የአቡንዲዮ ሠላሳ አንድ ልጆች

ሐምሌ 3

ከባራንኪያ የሚመጣው ጀልባ ዘገየ። ለሱቄ የጫነው የመጋረጃ ጨርቅ ግማሹ ረጥቧል። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። "ታጥቦ የደረቀ፣ ከእንግዲህ የማይሰበሰብ" ብዬ እሸጠዋለሁ። ውሸት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ዶን ኤቬሊዮ ገባ። መምህር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የከተማችንን ታሪክ ይጽፋል። ጨርቅ አይገዛም፣ ይዳስሳል እንጂ። ለከተማዋ ሁለት መቶኛ ዓመት የታዋቂ ልጆቿ ስም በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በእብነ በረድ ሊቀረጽ ነው አለ። ሦስት ተመርጠዋል። ጳጳሱ ሊዮኒዳስ፣ ዘፋኟ ዴልሲ፣ ግብ ጠባቂው ዊልፍሪዶ። የሦስቱም የቤተሰብ ስም ሌጋሪሳ ነው።

"ዶኛ ኑቢያ፣ በመላ አገሩ ከእኛ ወንዝ ሰው በቀር በዚህ ስም የሚጠራ የለም። መዝገቡን አየሁት። የአንድ አባት ልጆች ናቸው! የእርስዎ አጎት የአቡንዲዮ!"

"እንዴት ያለ ነገር ነው" አልኩት።

"ደም ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?"

እኔም በእናቴ በኩል ሌጋሪሳ ነኝ። ግን እኛ ዘንድ የአባት ስም ይቀድማል፣ የእናት ይከተላል። ልጆቼ ዘንድ ሲደርስ የእናቴ ስም ወድቋል። ስለ ደም እኔን ባይጠይቀኝ ይሻለው ነበር።

ሐምሌ 4

ለእናቴ ነገርኳት። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ጆሮዋ ግን...

"ስንት አገኘ?"

"ሦስት።"

"ሌሎቹስ?"

"ታዋቂ አልሆኑም።"

"ሃያ ስምንቱ ምን ነካቸው?" አለች፣ ቅር ብሏት።

እናቴ ትራንሲቶ ሃምሳ ዓመት አዋላጅ ነበረች። አቡንዲዮ ታናሽ ወንድሟ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሙዝ ታንኳ ላይ እዘላለሁ ሲል ወንዝ ወሰደው። ሬሳው ስላልተገኘ ሞቱ አልተመዘገበም። ከዚያ ወዲህ አባቱ የካደው ልጅ በእጇ ሲወለድ መዝገብ ቤት ትሄዳለች። "አባት፦ አቡንዲዮ ሌጋሪሳ። ወንድሜ ነው፣ ጀልበኛ፤ ለሥራ በወንዙ ቁልቁል ወርዷል" ትላለች። ሠላሳ አንድ ጊዜ፣ በአሥራ አንድ መንደር። አንድም ጸሐፊ አልተጠራጠረም። በዚህ ወንዝ አሥራ አንድ ቤት ያለው ጀልበኛ ምን ይገርማል? አንዱ ብቻ "ወንድምሽ ብርቱ ነው" ብሏት ነበር።

ልጅ ሆኜ "የወረቀት ዘመዶችሽ" እያልኩ አበሽቃት ነበር። አሁንም እላለሁ።

"ምን አስቦ ነው ሰው የሞተ ወንድሙን ስም የሚያድለው?"

"ልጆቹ ትምህርት ቤት ያለ አባት ስም ሲጠሩ ይሳቅባቸው ነበር። አቡንዲዮ ደግሞ አይጠቀምበትም።"

ሐምሌ 9

ዶን ኤቬሊዮ እንደገና መጣ። አሁን ደግሞ የአቡንዲዮ ሐውልት ሊሠራ ነው። የዘር አባት!

"ፎቶግራፍ አለዎት?"

"የለም።"

"እንግዲያው ጢም እናወጣለታለን።"

የእናቴን ስም ግድግዳው ላይ አስገቡልኝ አልኩት።

"ዶኛ ትራንሲቶ የተከበሩ ናቸው። ግን አዋላጅ በየመንደሩ አለ፣ ዶኛ ኑቢያ። ግድግዳው ጠባብ ነው።"

እሱ ራሱ በእናቴ እጅ ነው የወጣው። ያውም እግሩን አስቀድሞ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ሐውልቱ ይወድቃል። ግን ሦስት ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው። ሐኪሙ የእናቴን ደረት አዳምጦ ገናን አታይም ብሎኛል። በዓሉ ነሐሴ 12 ነው። ምን ይሻላል?...

ሐምሌ 16

ጋዜጣው ላይ ወጣ። "ሦስቱ የሌጋሪሳ ልጆች።"

ዊልፍሪዶ መጣ። ወፍሯል፤ አሁን ኳስ የሚያልፈው አይመስለኝም። በሩን ራሱ ዘጋው።

"እትዬ ኑቢያ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ የአቡንዲዮ ልጅ አይደለሁም። የጎማ ጠጋኙ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት ነገረችኝ። ሁለቱ እውነተኛ ናቸው። ጳጳሱ ቢሰማ ምን ይለኛል?"

"ምንም አይልህም።"

"አፍሽን ትይዢልኛለሽ?"

አራት ሜትር የመጋረጃ ጨርቅ ገዛ። የረጠበውን። ለምን እንደሚሆነው አልጠየቅሁትም።

ሐምሌ 18

ዴልሲ። ጥቁር መነጽር፣ ትልቅ ባርኔጣ፤ መንገዱ ሁሉ ያያታል።

"እኔ ብቻ ነኝ የውሸት። ጳጳሱና ዊልፍሪዶ ጥርት ያለ ደም ናቸው። አፍንጫቸውን አይተሽዋል? ቁርጥ አንድ!"

"አይቼዋለሁ" አልኳት።

ስድስት ሜትር ወሰደች።

ሐምሌ 24

ዛሬ ጳጳሱ። ቀለበቱን ተሳለምኩ። ወንበር ሳቀርብ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። በረጅሙ ተነፈሰ።

"ልጄ፣ ሁለቱ የአባታቸው ልጆች ናቸው። እኔ ግን..."

"ይገባኛል፣ ብፁዕ አባት።"

እርስ በርሳችሁ አትፍሩ፣ ሦስታችሁም አንድ ናችሁ ማለት እችል ነበር። ግን የአንዱን ደንበኛ ዕቃ ለሌላው አላሳይም።

"በእኛ ቤት ይህን ነገር ማንም አውርቶት አያውቅም። አሁንም አይወራም፤ እሺ ቢሉኝም ባይሉኝም" አልኩት። "ግን አንድ ልመና አለኝ። አክስቴ ካልወጣች እኔም ግድግዳው ላይ አልወጣም ብለው ለማዘጋጃ ቤቱ ይጻፉ።"

"የቷ አክስቴ?"

"በመዝገቡ አባትዎ አቡንዲዮ ነው። የአቡንዲዮ እህት ምንዎ ናት?"

ጳጳስ ቀስ ብሎ ነው የሚያስበው።

"አክስቴ" አለ በመጨረሻ። ቃሉን ሲቀምሰው አየሁት።

ለዊልፍሪዶና ለዴልሲም ይህንኑ ላክሁባቸው። ጳጳሱ ጨርቅ አልገዛም፤ ባረከው።

ነሐሴ 2

ዶን ኤቬሊዮ በላብ ተጠምቆ ገባ።

"ሦስት ደብዳቤ! ሦስቱም አክስታችን ካልወጣች አንወጣም ይላሉ! ሳይመካከሩ! ደም ማለት ይሄ ነው!"

"ሌላ ምን ይሆናል?" አልኩት።

ከስሟ ሥር "አዋላጅ" ተብሎ ይቀረጽ ወይ አለ። እናቴን ጠየቅኋት።

"አዋላጅ ከተባለ ነገር ማገጣጠም የሚወድ ሰው አይጠፋም። አክስት በሉኝ።"

ነሐሴ 12

ሞቀ። ሁለት ንግግር፣ አንድ ማርሽ ባንድ። ሦስቱ ተቃቀፉ፤ "ወንድሜ፣ እህቴ" እየተባባሉ በትከሻቸው ላይ አሻግረው እኔን ያያሉ።

እናቴ ፊደሎቹን በጣቷ አነበበች። *ትራንሲቶ ሌጋሪሳ፣ አክስት።* ከዚያ ሐውልቱን ዳሰሰች።

"ጢም አወጣ?"

"አወጣ፣ እማዬ።"

"ይመኝ ነበር..."

ልንሄድ ስንል ከኋላ ሰዎች ተሰልፈው አየሁ። ማንም አልጠራቸውም። ከየመንደሩ የመጡ፣ የክት ልብሳቸውን የለበሱ፣ አንዳንዶቹ ሽበታሞች። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንድ በአንድ እጇን ሳሙ። "አክስቴ።" "አክስቴ።" እያንዳንዱ እንደ ሌባ ጎንና ጎኑን ያያል።

እሷ ግን በድምፃቸው ስማቸውን አወቀች። የሁሉንም።

ጥቅምት 21

እናቴ ዛሬ ጠዋት ዐረፈች። ሱቁን ዘጋሁ።

ኅዳር 6

ሱቁን ከከፈትኩ አራት ቀን። ገበያው ቀዝቃዛ ነው።

ከላይኛው ወንዝ አንድ መጥረጊያ ሻጭ መጣ። ቆቡን አውልቆ በር ላይ ቆመ። አርኑልፎ ሌጋሪሳ እባላለሁ፣ ለቀብር አልደረስኩም አለ።

"እውነቱን ልንገርሽ እመቤቴ፣ እኔ እንኳ እንደ ሌሎቹ..."

"ግባ፣ የአጎቴ ልጅ" አልኩት።

የእናቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዓሣና ሙዝ አቀረብኩለት። ስለ እሷ አወራን፣ ስለ ወንዙም። ሁለት መጥረጊያ ወሰድኩ። ብከራከረው፣ ብከራከረው አምስት ሳንቲም አልቀነሰልኝም።

ዘመዴ ነው።