በደቦ የቆመው የመኪናዬ መስመር

ለተከበሩ የመብራት ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ የመንዝ ብርድ ቢሮዎ ድረስ ሳይዘልቅ፣ ጤናዎም እንደ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ ይኑርልኝ እያልኩ፣ ከሞላሌ በላይ ካለችው መንደራችን እጅ እነሳለሁ። እኔ ከሞላሌ ደብረ ብርሃን ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝ። የቤንዚን መኪና ከእንግዲህ አገር ውስጥ አይገባም ቢሉኝ የኤሌክትሪኩን ገዛሁ። መብራት በሌለበት መንደር የመብራት መኪና መግዛት የራሴ ሞኝነት ነውና በዚህ አልወቅስዎትም። ለቤቴ የቻርጀር መስመር እንዲገባልኝ አመልክቼ ስለተደረገልኝ ቸርነት ግን በአደባባይ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

፩ኛ. ቻርጀሩ ከመኪናው ጋር በነጻ የመጣ ቢሆንም፣ የሚሰካበት መስመር ዋጋ መኪናዬን ሸጬ ብከፍል እንኳ እንደማይሞላ በትሕትና አስረድተውኛል። ምሰሶውንና የሰው ጉልበቱን ራሴ ካቀረብኩ እንደሚቀነስልኝ መፍቀድዎም አባታዊ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ. ምሰሶ ለብቻ የሚሸከሙት ነገር ስላልሆነ ቄስ ኃይለ ኢየሱስን አማከርኩ። እሳቸውም መብራት ሊገባልን ነውና ለደቦ ውጡ ብለው ከቅዳሴ በኋላ አወጁ። ሕዝቡ ለሁሉም የሚገባ መስሎት የገብስ አጨዳውን ትቶ ወጣ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩሸዋ ቤታቸውን ሊያድሱበት ያሳደጉትን ባሕር ዛፍ ለምሰሶ አስቆረጡ። መስመሩ ለእኔ መኪና ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። እዚህ ላይ እርስዎን ምን ብዬ እከስዎታለሁ፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

፫ኛ. ሽቦው ተዘርግቶ ሲያልቅ ባለሙያዎችዎ መስመሩ ለአንድ ቆጣሪ ብቻ የተፈቀደ መሆኑን፣ ለጎረቤት መቀጠልም እንደሚያስቀጣ ነግረውኝ ሄዱ። ሽቦው በእትዬ ጥሩሸዋ ጣራ ላይ ያልፋል፤ እሳቸው ግን ዛሬም የሚያመሹት በኩራዝ ነው። እኔ መኪናዬን የምሰካው እንደ ሌባ የግቢ በር ዘግቼ ነው። ገበያ በነጻ ሳደርሳቸው ልጄ እደግ ብለው ይመርቁኛል፣ እኔም መሬት መሬት አያለሁ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

፬ኛ. ለጎረቤቶቼም ቆጣሪ ይፈቀድላቸው ብዬ ባመለክት ጉዳዩ እየተጠና ነው ብለዋል። የደብራችን ተማሪ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያጠናው ከዚህ ባነሰ ጊዜ ነውና፣ የእርስዎ ጥናት ምን ያህል ቢጠልቅ ነው እያልን እንደነቃለን።

ትከሻቸው በተላጠ ጎረቤቶቹ ፊት ቀና ብሎ መሄድ ያቃተው፣ የጽሕፈት ቤትዎ ውለታ ያጎበጠው ባለ አንድ ቆጣሪ ደንበኛዎ፣
አፈወርቅ ወሰኔ

ማስታወሻ፦ ጎረቤቶቼ መብራቱ ለምን እንደዘገየ ቢጠይቁኝ እውነቱን ለመናገር ድፍረት አጣሁና፣ ኃላፊው ራሳቸው ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ መጥተው ሊያበሩላችሁ ነው አልኳቸው። ጠላው ተጠምቋል፣ ሙክቱም ታስሯል። እባክዎ እንዳይቀሩብን፤ መብራቱ ለእነሱ እንዳልሆነ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል፣ እኔ አልቻልኩም።