ስለ ቀይዋ ጀማሪ ጀልባ ለጓድ ሊቀመንበር የቀረበ ሂስና ምስጋና

ጋምቤላ፣ ጥር 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ፈረጅ፣ የወንዝ መዝናኛ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ በባሮ ላይ ለሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ አሳቢና አሳዳሪ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በስብሰባ ብዛት የደከመው ወገብዎስ? ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ጤና ከየትኛው ቢሮ እንደሚለመን ግራ ቢገባኝም፣ ካለበት ቢሮ ተፈልጎ በሙሉ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው።

ይህችን ጽሑፍ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኳት፣ እርስዎ በዚያው ሰሌዳ ላይ እኔንና ጓደኛዬን ኛዌችን «የሕዝብ ጀልባ ወስደው ያልመለሱ ሥርዓት የለሽ ተማሪዎች» ብለው ስላስተዋወቁን ነው። ደግሞም ባለፈው ጉባኤ «ወጣቶች፣ ሂሳችሁን ሳትፈሩ አቅርቡ» ብለው አዘዋል። ትእዛዝ መቼም አይጣስም።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ኦሉም ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ፣ ኢታንግ ላይ ከሌሎቹ ጋር የሚወስዳቸውን መኪና ይጠብቅ ነበር። እናቴ በጭስ የደረቀ ዓሣ ጠቅልላ ሰጠችኝና «ሳይሄድ ድረሺበት፤ ዓይኑን አይተሽ ነይ» አለችኝ። በመኪና ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ በወንዝ ለመሄድ ግን ከኮሚቴዎ ታንኳ መከራየት ይበቃል። እኔና ኛዌችም ልንከራይ መጣን። ከዚያ በኋላ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፈተናው። ቀጫጭኖቹ ታንኳዎች፣ ማለትም አባቶቻችን ከግንድ የጠረቧቸውና ኮሚቴዎ ከየቤቱ የሰበሰባቸው፣ የቀዛፊነት ምስክር ወረቀት ለሌለው ሰው አይሰጡም። ፈተናውም አዳራሽ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመጥረጊያ እንጨት መቅዘፍ ነው። እኔ ሳልራመድ በፊት ታንኳ ላይ የተቀመጥኩ ልጅ ነኝ፤ እርስዎ ደግሞ ባሮን ከድልድዩ ላይ ሆነው በሚገባ ያውቁታል፤ ስለዚህ «አቀማመጧ ዲሲፕሊን ይጎድለዋል» ብለው ሲጥሉኝ መጥረጊያውን በአክብሮት ወደ ቦታው መለስኩ። ኛዌች የወደቀችው በመሳቋ ነው። በፈተናው ጊዜ አግዳሚው ወንበር ባለመስመጡ ኮሚቴውን ከልብ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ጀልባዋ። ፈተና የወደቀ ሁሉ ጀማሪ ነውና «ጀማሪ ቁጥር አንድ» ተሰጠችን። ከተማው እንኳ በዚህ ስም አያውቃትም፤ ገንዳዋ ነው የሚላት። ከበርሜል ቆርቆሮ ተበይዳ ቀይ የተቀባች፣ ላም ተኝታ ብትጓዝባት የማትጠብ፣ ከላይ የሚመጡ እንግዶች ፎቶግራፍ ከመነሳት በቀር ሌላ ሥራ ያልሰጧት ናት። የወንዝ ልጅ አይቀመጥባትም፤ ቢሰምጥ ይመርጣል። ውሃ ላይ ስንገፋት የሚዋኙት ልጆች «ጓድ ሚኒስትር! ጓድ ሚኒስትር! ንግግር ያድርጉልን!» እያሉ አጀቡን። ኛዌች ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ እጄን አውለበለብኩላቸው፤ ምን ላድርግ? ገንዳዋ በቀኝ ስንቀዝፋት ወደ ግራ ትዞራለች፣ በግራ ስንቀዝፋትም ወደ ግራ ትዞራለች፤ ይህን እንደ ጽኑ አቋሟ ቆጥረን አከበርንላት። ውሃው ጎድሎ በወጣው አሸዋ ላይ ደግሞ ቁጭ ሳትል አታልፍም፤ በየአሸዋው ወርደን ጎተትናት።

ሦስተኛ፣ ስለ ጨርቁ። በደንቡ መሠረት የጀማሪ ጀልባ ያለ ባንዲራና ያለ መፈክር አትንቀሳቀስም። «በመቅዘፍም ወደፊት!» የሚለው ጨርቅ በሁለት እንጨት ተወጥሮ ነበር፤ ነፋሱም ከፊታችን ይመጣ ነበርና፣ ጨርቁ ወደፊት ባለ ቁጥር እኛ ወደኋላ ሄድን። ከመነሳታችን በፊት ይነሳልን ብለን ብንለምን፣ ዘበኛዎ «ንኪውና ታያለሽ!» አለኝ። አልነካሁትም። ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛውን ቅሬታ ልበለው ምስጋና እርግጠኛ አይደለሁም፤ እርስዎ በሚመቸው መዝገብ ያስፍሩት። ኢታንግ ስንደርስ መኪናው ሄዷል፤ አቧራው ግን ገና መሬት አልያዘም ነበር። የኛዌች አክስት ኛኪየር ወንዙ ዳር ሻይ ትሸጣለችና ሁሉን አይታለች። ኦሉም ከማለዳ ጀምሮ ከውሃው ዳር አልተነሳም አለችን። «እህቴ ትመጣለች፤ በቀጭን ታንኳ፣ ቆማ እየቀዘፈች፤ ከሩቅ አውቃታለሁ» ይል ነበር። ሾፌሩንም «ትንሽ፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ብቻ» እያለ አቆይቶታል። ከዚያ ከመታጠፊያው አንድ ቀይ ነገር ከነባንዲራው፣ ከነመፈክሩ፣ እየተሽከረከረ ብቅ አለ። ኦሉም ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየና «ኧረ ባለሥልጣን መጣብን! ንግግር ሳይጀምር ቶሎ እንሂድ!» አለ። ምልምሎቹ ሳቁ፣ ሾፌሩም ሳቀ፣ ተሽቀዳድመው ተሳፈሩ። «መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው» አለች ኛኪየር።

እኔ እኮ ከውሃው ላይ እጄን እያውለበለብኩ ነበር። ባለሥልጣንም እጁን ያውለበልባል።

አላለቀስኩም፤ ጓድ ሊቀመንበር፣ በዲሲፕሊን በኩል እንደተሻሻልኩ ይመዝገብልኝ። ዓሣውን ኛኪየር ዘንድ ተቀምጠን በላነው፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አላስተዋልኩም። ኛዌች «አጁሉ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ» አለችኝ። «በመቅዘፍም ወደፊት» አልኳት። በሳቋ ፈተና የወደቀችው ልጅ አልሳቀችም። ቤት ስገባ እናቴ «አየሽው?» አለች። «አየኝ» አልኳት። አልዋሸሁም።

የጠፋች ስለተባለችው ንብረት የሚጨነቁ ከሆነ፣ ገንዳዋ ኢታንግ ውሃ ዳር በደንብ ታስራለች፤ የኛኪየር ፍየሎች ቀን ቀን ያርፉባታል፤ እስካሁን እንደነሱ የተመቻት ተሳፋሪ አላየሁም። ሽቅብ ልንመልሳት ሞክረን እምቢ አለች፤ እኛ እንዴት እንደተመለስን ግን ባይጠይቁኝ ይሻላል። ሽቅብ ቀዝፎ ማምጣት የጀማሪ ሥራ አይደለም፣ ምስክር ወረቀት ያለው ሰው ይፈልጋል፤ በከተማችን የመጀመሪያው ምስክር ወረቀት ደግሞ በክብር ተሰቅሎ የሚታየው እርስዎ ቢሮ ውስጥ ነው። መጥረጊያውን ይዘው ቢሄዱ ሕዝቡ ድልድዩ ላይ ወጥቶ ይቀበልዎታል፤ እኔም ከፊት እቆማለሁ።

ለወጣቱ ደኅንነት እንቅልፍ አጥተው፣ አንዳችንም በቀጭን ታንኳ እንዳንሰምጥ፣ እንዳንፈጥን፣ እንዳንደርስም ስለጠበቁን፣ በታላቅ አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በአቀማመጥ የወደቀችው ተማሪዎ፣
አጁሉ ኦሞድ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከኦሉም ደብዳቤ ደረሰኝ። «ምነው ቀረሽ? ወንዙን ስጠብቅ ዋልኩ፤ የመጣው አንድ ባለሥልጣን ብቻ ነው» ይላል። ብዕር ይዤ ብቀመጥ የምጽፈው አጣሁ፤ ስለዚህ መልሱን ኮሚቴዎ እንዲጽፍልኝ በትህትና አመለክታለሁ፤ አድራሻውን ለዘበኛዎ ትቻለሁ። ማኅተሙን አደራ፤ እኔ ገንዳ ውስጥ መቀመጤን ወንድሜ ያለ ማኅተም አያምንም።