ባለንብረቱ ያመነው ውሸት

ኢሪ፣ ፔንሲልቬንያ
ዓርብ ጠዋት፣ ኤፕሪል 25

ግሬታዬ፣ ቱሳን ላይ በእህትሽ በካሮሊን በረንዳ ፀሐይ እየሞቅሽ ይህን ለምታነቢው፤

ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ዛሬም መስኮታችንን ይደበድባል፤ በደበደበ ቁጥር ሚስተር ሃልስተድ የመጣ እየመሰለኝ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ከዚያ የሄድሽ ዕለት በር ላይ ቆመሽ ያልሽኝ ትዝ አለኝ፦ «ራስል፣ ኤፕሪል ሲመጣ መዋሸት ሥራህ መሆኑን አውቃለሁ። ያስቸገረኝ ወሩ ሲያልቅ አለማቆምህ ነው።» እንግዲያው ደህና አይደለሁም። ፈርቻለሁ። ይኸው ሃልስተድ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ክለባችን ባለንብረት፣ እኩለ ቀን ላይ ቢሮው ጠርቶኛል፤ ጥሪውን ያደረሰችኝ ጸሐፊው «አይዞህ» አለችኝ። ያቺ ሴትዮ በአባቴ ቀብር እንኳ አይዞህ አላለችኝም።

እስከ ዛሬ የሥራዬን ወሬ ስጀምር ጆሮሽን ትይዢ ነበር፤ አሁን ግን ራቅ ብለሻልና ከሥሩ ላጫውትሽ።

የመጀመሪያው ዙር ምርጫ ማለት፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ የከረመ ቡድን ከኮሌጅ ከሚወጡት ጎረምሶች ቀድሞ እንዲያነሣ የሚፈቀድለት የካሳ ድግስ ነው። እኛ በመሸነፍ እንኳ አንደኛ መውጣት አቅቶን አምስተኛ ተራ ደረሰን። በኋለኞቹ ዙሮች የተሳሳተ እንደኔ ያለ ሥራ አስኪያጅ «ዕድሉ ነው» ይባልለታል። በመጀመሪያው ዙር የተሳሳተ ግን ከልጁ ስም ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል፤ መቃብሩ ላይ እንኳ «ያንን ልጅ የመረጠው» ተብሎ ይጻፍበታል። ስለዚህ እንጠነቀቃለን። ልጁን እንመዝናለን፤ የመዳፉን ስፋት እንለካለን፤ በቁምጣ አቁመን እንደ በሬ ገዢ ዙሪያውን እንዞረዋለን፤ «ድመት ብትሆን ይሻልሃል ወይስ ውሻ?» ብለን በታላቅ ቁም ነገር እንጠይቀዋለን። ይህ ሁሉ ሳይንስ ነው። ሳይንሱ ሲያበቃ ከመረጥናቸው ግማሾቹ የማይረቡ ይሆናሉ፤ የቀሩትን ግማሾች ደግሞ ማንም አላፊ አግዳሚ ይመርጣቸው ነበር።

ዘንድሮ ልቤ ያረፈው ላማር ቲብስ ላይ ነው። የሚሲሲፒ ልጅ ነው፤ በር የሚያህል፤ ሲናገር ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር የሚያሳይ ሰው ይመስላል። ሥራው ኳስ ወርዋሪውን ሊደቁት ከሚንደረደሩት ተቃራኒዎች መከለል ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች ያለ ዕለት ማንም አያየውም። የጠፋ ዕለት ኳስ ወርዋሪው በቃሬዛ ይወጣል። ባለፈው ኦክቶበር የኛው ሲወጣ አንቺም እጅሽን አፍሽ ላይ ጭነሽ አይተሻል።

ታዲያ በዚህ ሙያ ፍቅር የሚገለጸው በማንቋሸሽ ነው። የምትፈልጊው ከታወቀ ሌላው ቡድን ከፊትሽ ካለው ጋር ተራ ተለዋውጦ ይነጥቅሻል። ስለዚህ ላማርን ፊት ለፊት አስቀምጬ «ልጄ፣ አንተ ለኛ አትሆንም» ብዬ ሸኘሁት። ቀጥዬ የከተማችንን ጋዜጣ ጸሐፊ ስኪፕ ሩሶን የተጠበሰ ዓሣ ጋበዝኩ፤ ቢራውን አስሞላሁለት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለማንም እንዳትናገር» አልኩት። ለስኪፕ ይህ አዋጅ አስነግር ማለት ነው። «ብሪስ ካሎዌይን ካየን ወዲህ እንቅልፍ አጣን» አልኩት።

ካሎዌይ ፈገግታው የጥርስ ሳሙና የሚያሸጥ ኳስ ወርዋሪ ነው። ክንዱ ግሩም ነው። ችግሩ ሊደቁት ሲመጡ ዓይኑን ይጨፍናል። ሐሳቤ እንዲህ ነበር፦ ከኋላችን ተራ የያዙት፣ ኳስ ወርዋሪ የተራቡት ሳን አንቶኒዮዎች ወሬውን ሰምተው ይደነግጣሉ፤ ተራችንን ይለምኑናል፤ እኛ ጥሩ መቀየሪያ ተቀብለን ወደነሱ ቦታ ዝቅ እንላለን፤ አትሆንም የተባለውን ላማርን እዚያ ቁጭ ብሎ እናገኘዋለን። ሐሳቡ እንከን አልነበረውም፤ የረሳሁት ነገር ቢኖር ሚስተር ሃልስተድም ማንበብ መቻሉን ብቻ ነው።

ጽሑፉ በወጣ ዕለት ጋዜጣውን እንደ ዱላ ጠቅልሎ ቢሮዬ ገባ። ፍራሽ ሸጦ የከበረ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ሌላው ሲተኛ ነው እሱ የሚያተርፈው።

«አንተ ቀበሮ! ከኔ ደብቀህ ለስኪፕ ትነግራለህ?»

«ጌታዬ፣ ውሸት ነው እኮ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እሱን ለሳን አንቶኒዮዎች ንገራቸው!»

«በእናቴ አጥንት፣ እውነቴን ነው።»

«ተው እንጂ! ‹እንቅልፍ አጣን› ብለሃል። እኔ የምሸጠው እንቅልፍ ነው፣ ራስል። እንቅልፍ ያጣን ሰው አውቀዋለሁ።»

በሳምንቱ ካሎዌይን ቤቱ ጠርቶ ሥጋ ጠበሰለት። ሚስቱ የልጁ ስም ያለበት ማሊያ አሠራች። እኔ ፊልሙን ከፍቼ «ይመልከቱ፣ ዓይኑን ጨፈነ» ስለው «እያሰበ ነው» ይለኛል። ብዙ በማልኩ ቁጥር ብዙ ዋሾ አደረገኝ፤ ዋሾ ባደረገኝ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ወደደኝ። ዋናው ተጫዋች መልማያችን ሽማግሌው ገስ ፓፓስ «ሰው መረብ ጥሎ የራሱን ጀልባ ሲይዝ ገና አሁን አየሁ» አለኝ። ሳቅሁ።

ትናንት ማታ ደረሰ። የስም ሰሌዳው ፊት ተቀምጠናል፤ ተራችን ተጠራ፤ ለመምረጥ የሚሰጠን አሥር ደቂቃ መቁጠር ጀመረ። ስልኩ ጮኸ። ሳን አንቶኒዮ! የመጪውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫቸውን ጭምር እንስጣችሁ ይላሉ። ውሸቴ ሠርቶ ነበር፣ ግሬታ፤ እንደ ሰዓት ነው የሠራው! ሚስተር ሃልስተድ ግን ስልኩን ከእጄ መንጭቆ ዘጋው።

«አየህ? ልጃችንን ሊሰርቁን ነው!» አለና ስሙ ሲጠራ ከፍ አድርጎ ሊያሳየው ማሊያውን ይዞ ካሜራዎቹ ወዳሉበት አዳራሽ ወጣ።

ገስ ስሙን ለመድረኩ የሚያስተላልፈውን ስልክ ይዞ አየኝ። «ማን ልበላቸው?»

ላማርን ብጠራ እንጀራዬ ይቆረጣል። ካሎዌይን ብጠራ፣ አንድ እሑድ ያ የሰው ልጅ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ሲደቁት ከመስታወት ጀርባ ቆሜ አያለሁ፤ ምግቡን የሚያጎርሱት እናቱ ይሆናሉ። ሁለቱንም ፈራሁ። የኋለኛውን ይበልጥ ፈራሁ፤ ከዚህ የተሻለ ጀግንነት አልነበረኝም።

«ቲብስ» አልኩ።

«ድገምልኝ።»

«ገስ፣ አታስደግመኝ። ሁለተኛ የምለው አይመስለኝም።»

ወጉ ነውና ወዲያው ለልጁ ደወልኩ። «ላማር፣ መርጠንሃል።»

«አትሆንም ብለውኝ ነበር እኮ፣ ጌታዬ።»

«ዋሽቼህ ነው።»

«አሁንስ?»

ግሬታ፣ ለዚህ ምን ይመለሳል? በዚህ መሃል አዳራሹ ውስጥ ጫጫታው ቀጥ አለ፤ ስሙ ተጠርቷል ማለት ነው። በቴሌቪዥኑ ሚስተር ሃልስተድ «ካሎዌይ» የሚለውን ማሊያ ከራሱ በላይ ዘርግቶ ፈገግ እንዳለ ይታያል። ፈገግታውን የሚያወርድበት መንገድ ጠፍቶታል።

በስልኩ የሴት ድምፅ መጣ። «ኦዴሳ ነኝ፣ እናቱ። እርስዎ ነዎት ልጄን አትሆንም ያሉት?»

«እኔ ነኝ።»

«በሉ ስሙኝ። እኔ ሙሉ ሰው ነው የምሰጣችሁ። አንገቱ ሙሉ፣ ጭንቅላቱ ሙሉ። ሙሉውን ትመልሱልኛላችሁ?»

ለእናቶች የምንለው አለን፤ «እንደ ልጃችን እናየዋለን» እንላለን። ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እፈራለሁ።»

ያጠፋሁ መሰለኝ።

«የደወሉት ሁሉ እንደ ዓይናችን ብሌን ነው ያሉኝ» አለች። «የፈራ ሰው ገና አሁን አገኘሁ። ይሁን። እንግዲህ እርስዎ ይፍሩልኝ፤ እኔም ትንሽ ልረፍ።»

እነሆ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በአደራ እየፈራሁ ነው።

ሰዓቱ እየደረሰ ስለሆነ ላብቃ። ከቀትር በኋላ ሥራ ይኖረኛል ወይ ብትይኝ አላውቅም። ብባረር ለዚያ ልጅ አንገት ማን እንደሚቆምለት አላውቅም፤ የሚያስፈራኝ አሁን እሱ ነው። ሌላ ኤፕሪል ቢመጣ ሌላ ሰው እሆናለሁ ወይ ብትይኝም አላውቅም። ቀሪው ኑሮ መልካም ነው። ያንቺን ወገን የራስጌ መብራት እያበራሁ ነው የምተኛው፤ ምክንያቱን አልመረመርኩትም። የመመለሻሽን ቀን አልጠይቅሽም። ሰማያዊው ካፖርትሽ እዚሁ መቅረቱን ግን ልንገርሽ፤ ኢሪ እስከ ሜይ ድረስ እንደሚበርድ ታውቂያለሽ።

የበረሃው ፀሐይ ይለዝብልሽ፤ ጉልበትሽን አይመምሽ፤ ካሮሊንን ስለኔ የምትነግርሽን ግማሹን እመኚያት። እግዚአብሔር በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይሂድ።

ባልሽ፣
ራስል